የተሳሳተችው ቀዳዳ

ጥር 2011 ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ በጥር እንዴት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ብርድ ልብሴ ውስጥ እንደተጠቀለልኩ ስልኬ ጮኸ። አረርቲ ያሉት አጎቴ ናቸው። ጋሼ ሲደውሉ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የገባው ዘመድ ሳይቀር ተራ በተራ ይነሳል። ያን ጠዋት ግን ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

«ማሽኔን አየሁት» አሉ።

«የትኛውን ማሽን?»

«የኔን ነዋ! ሰው ሲሸጠው አየሁት።»

ዕቃ ሊገዙ ሌላ ከተማ ሄደው ኖሯል። አንድ ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ላይ አዲስ የጤፍ መውቂያ ቆሞ አዩ። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። የሳቸው አረንጓዴ ነው። እኔም ገና እንቅልፌ ስላልለቀቀኝ «መውቂያ ሁሉ ይመሳሰላል እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ሸንኮራ ዮሐንስን! ቀዳዳዋ ሳትቀር አለች!»

ያን ጊዜ ነው ብድግ ያልኩት።

ቀዳዳዋን ለማስረዳት ከማሽኑ መጀመር አለብኝ። አረርቲ ያለችበት ምንጃር ሸንኮራ የጤፍ አገር ነው። ጤፍ ደግሞ ለማሽን አስቸጋሪ እህል ነው። ፍሬው ከእጅ ከወደቀ ጠፋ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ስንዴ የለመደ መውቂያ ውስጥ ጤፍ ስትጨምሩ ማራገቢያው ፍሬውን ከእብቁ ጋር አብሮ ይተፋዋል። ነፋሱን ስትቀንሱ ደግሞ እብቁ ከፍሬው ጋር ይቀራል። ገበሬው በዚህ በኩል ቢል በዚያ ኪሳራ ነው።

ጋሼ ይህን ችግር ከአንድ ክረምት በላይ ታገሉት። ወርክሾፓቸው ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች አፈር ነው። አንጎላሬ፣ ላሜራ፣ ከተጣለ መኪና የተፈታ ፑሌጋ፣ የተሰነጠቀ ቺንጋ፣ በግሪስ የተነከረ ኩሽኔታ፤ ሁሉም መሬት ላይ ነው፤ የት እንዳለ የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። መፍትሔው ሲመጣ ከመጽሐፍ አልመጣም። አያቴ ዓውድማ ላይ ሲያዘሩ ነፋሱ ከበረታ ላይዳቸውን (የማዘሪያውን የእንጨት አካፋ) ዝቅ፣ ከደከመ ከፍ ያደርጉ ነበር። ጋሼ በልጅነታቸው ያንን ሲያዩ አድገዋል። «ማሽን ላይዳ ዝቅ አያደርግም» አሉኝ አንድ ቀን። «ስለዚህ ዝቅ የሚለው ነፋሱ ነው።» ከዚያ የማራገቢያው አፍ ላይ የምትንሸራተት ላሜራ ገጠሙ። እጀታ አላት፤ ወደ ቦታዋ የምትመልሳት ሞላ አለቻት። አውቂው ከፊቱ የሚወርደውን ፍሬ እያየ በአንድ እጁ ነፋሱን ያጠባል፣ ያሰፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲያዩት «ይሄን ማን ያጣዋል?» ያሰኛል። ግን ከሳቸው በፊት በአካባቢያችን ማንም አልሠራውም።

ቀዳዳዋስ? የመጀመሪያውን ማሽን ሲሠሩ የኩሽኔታውን ቤት የሚያስር ብሎን መግቢያ ሲበሱ በአራት ጣት ያህል ሳቱ። አጠገቡ ሌላ በሱና ሥራቸውን ቀጠሉ። የሳቱት ቀዳዳ ባዶውን ቀረ። ሁለተኛውን ማሽን ሲሠሩ የመጀመሪያውን ላሜራ እንደ ልክ አስደግፈው ምልክት አደረጉበት። ያቺ ቀዳዳም አብራ ተዛወረች። ሦስተኛው ላይም እንደዚያው። የማታገለግል፣ ማንንም የማትጎዳ ቀዳዳ በየማሽኑ ጎን ተቀምጣ ትስቃለች። አሁን ደግሞ በሰው አገር፣ በሰማያዊ ቀለም ተከባ ጋሼን አየቻቸው።

እንዴት እንደሄደች መገመት ከባድ አይደለም። በ2009 ማሽኑ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ ነበር። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው አጠገቡ ቆሙ። የመጣው ሁሉ እየዞረ በስልኩ ያነሳል። አንዱ ተንበርክኮ ከሥር ሳይቀር አነሳ። ጋሼ ደስ ብሏቸው «ከዚህም በኩል አንሳው» ብለው ላሜራዋን እያንሸራተቱ አሳዩት። ሲያበቃ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቱ ዛሬም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው።

ያን ዕለት ማታ አዋጁን አወረድኩት። ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ፣ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባል ነገር በአገሬ ሕግ ውስጥ መኖሩን ያወቅሁት ያን ማታ ነው። ፓተንት፣ ማለትም ሌላ ሰው ፈጠራህን ያለ ፈቃድህ እንዳይሠራው የሚከለክለው መብት፣ ለትልልቁ ነው። 15 ዓመት ይጠብቃል፤ ፈጠራው ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨመርበታል። ግን በዓለም ላይ አዲስ መሆን አለበት። አነስተኛ ፈጠራ ግን ለጋሼ በልካቸው የተሰፋ ኮት ነው። እዚህ አገር አዲስ ከሆነና ሥራ ላይ መዋል ከቻለ ይበቃል። የሚሰጠው ወረቀት የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይባላል። ለ5 ዓመት ነው፤ ከታደሰ ሌላ 5።

ሕግ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ማሽኑ አልነበረም።

«መቼ ነው ለሕዝብ ያሳዩት?»

«2009።»

ዝም አለ። ከዚያ አስረዳኝ። ለሕዝብ የታየ ነገር አዲስ አይባልም። አዋጁ ባለቤቱ ራሱ ላሳየው 12 ወር ይታገሳል። በዚያ ውስጥ ካመለከተ ማሳየቱ አይቆጠርበትም። ጋሼ ግን ሁለት የመኸር ወቅት አሳልፈዋል። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለችው የተሳትፎ ወረቀት ለፈጠራቸው ማስረጃ ናት ብለን ስንኩራራባት፣ ለካስ የረፈደባቸው መሆኑን የምትመሰክር ቀን ነው ያለባት።

ይህን ለጋሼ እንዴት እንደምነግር እያሰብኩ ሳለ የካቲት መጣ። ከየካቲት ጋር የጤፉ ዜና መጣ።

ታስታውሱታላችሁ። ፌስቡክ ሁሉ «ጤፋችን ተመለሰ» ሆነ። እኔም ለጥፌያለሁ፤ ሦስት ባንዲራ ይዞ። ነገሩ የጀመረው በ1997 ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍን ጄኔቲክ ሀብት ለመጠቀም ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ስምምነት ፈረመ። ጥቅሙን ሊያካፍል፣ ምርምር ሊደግፍ ቃል ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን በአውሮፓ ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር ፓተንት አመልክቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ውሉ ከኩባንያው ጋር ሞተ። ፓተንቱ ግን አልሞተም፤ ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮና ቶሎ የተቋረጠ አንድ ትንሽ የምርምር ፕሮጀክት ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን ፓተንት ሻረው። የተሻረው የፈጠራ እርምጃ የለውም ተብሎ ነው። ሙያው ያለው ሰው ሳይቸገር የሚደርስበት ነገር ነው ማለት ነው። ክርክሩ በሁለት ኩባንያዎች መካከል ነበር። ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ የኛ ቦርሳ መሬት ወደቀ፤ እኛም አንስተን እልል አልን።

ፓተንቱ ምን ይል እንደነበር ሳነብ የገረመኝ ሌላ ነው። ከብዙው በጥቂቱ፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ «ሲበስል» ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል፤ ይህም ዱቄቱ በውኃ ሲሞቅ ውፍረቱን ምን ያህል እንደሚይዝ በሚለካ ቁጥር ይታወቃል ይላል። ቁጥሩ ቢያንስ 250 እንዲሆን ይፈልጋል። እናቴ ቁጥር የላትም። ግን በታኅሣሥ የገባውን አዲስ ጤፍ ከከረመው ጋር ሳትደባልቅ አስፈጭታ አታውቅም። «አዲስ ጤፍ እንጀራው ይጣበቃል» ትላለች። ይህን ከእናቷ ሰማች፤ እናቷም ከእናቷ። አንዳቸውም አልጻፉትም። ለምን ይጻፋል? ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳነበው ብቻዬን ስቄያለሁ። ኔዘርላንድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1869 የፓተንት ሕጓን ሰርዛ እስከ 1912 ያለ ፓተንት ኖራለች። ፊሊፕስ አምፖል መሥራት የጀመረው በዚያ መሃል ነው፣ በ1891። የሌላ አገር ሰው የፈለሰፈውን ሠርቶ መሸጥ በሕግ አያስጠይቅም ነበር። ካደጉ በኋላ ሕጉን መለሱት። አልፈርድባቸውም። የፈለሰፈ ሰው አጥር ይወዳል፤ የሚቀዳ ሰው ደግሞ በር ይወዳል። ችግሩ እኛ አጥርም በርም የሌለን መሆናችን ነው።

የእንዶድ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እናቴ የአባቴን ጋቢ በእንዶድ ስታጥብ ያረፋበትን የገንዳ ውኃ እንዳንነካ ትቆጣን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያች ትዝብት የዕድሜ ልክ ምርምር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተሸለሙ። ትንሽ ቆይቶ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ያለው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቱቦ የሚደፍኑ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶችን እንደሚገድል አረጋገጠና ለዚያ አገልግሎት ፓተንት አወጣ። ልብስ አጣቢዎቹ አድዋ ቀሩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያነበብኩ ተናደድኩ። ሌቦች አልኩ። ሆላንዶቹን፣ ኦሃዮዎቹን፣ ሰማያዊ ማሽን የሠራውን ሰውዬ፣ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አስገባኋቸው። ለጋሼም ደውዬ ስለ ጤፉ አወራኋቸው። «ይኸው ተሻረባቸው!» አልኩ በኩራት።

«ጎበዝ» አሉ ጋሼ። «ለመሆኑ ያንተ መጽሐፍ የት ደረሰች?»

ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋብኝ ያህል ሆነ።

የጋሼ «መጽሐፍ» የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ናት። በ2007 የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ፕሮጀክት ምረጡ ስንባል ሁሉም ኢንተርኔት ሲያስስ እኔ አረርቲ ሄድኩ። ሦስት ቀን ጋሼ ወርክሾፕ ዋልኩ። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሳቸው ይዘው፣ ሌላውን እኔ ይዤ፣ ማሽኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁት። ከበሮው፣ ጥርሱ፣ ወንፊቱ፣ ያቺ የምትንሸራተት ላሜራ፣ ሞላው ሳይቀር። የጠየቅሁትን ሁሉ መለሱልኝ። ያልጠየቅሁትንም ነገሩኝ። ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ ተመልሼ በኮምፒውተር ሳልኩት፣ ስሌት ጨመርኩበት፣ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ አስጠረዝኩት። ኤ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ምስጋናው ገጽ ላይ እግዚአብሔር አለ፤ ቤተሰቦቼ አሉ፤ አማካሪዬ አሉ። ጋሼስ? «አንድ የአካባቢው ባለሙያ» ይላል። ስማቸውን ብጽፍ ሥራው የኔ አይመስልም ብዬ ፈራሁ።

የሕግ ጓደኛዬ ጋ መልሼ ደወልኩ። ስለ ፕሮጀክቴ ስነግረው እንደ ባለፈው ዝም አላለም፤ ሳቀ። «ቤተ መጻሕፍት ገብታለች?» አለኝ። ገብታለች። «ማንም ተውሶ ሊያነባት ይችላል?» ይችላል። «እንግዲያው 12 ወሩ መቆጠር የጀመረው በኤግዚቢሽኑ አይደለም። ካንተ ነው።»

ስለዚህ የጋሼን ማሽን መጀመሪያ ለዓለም የዘረገፈው ስልክ ይዞ የተንበረከከው ሰውዬ አይደለም። እኔ ነኝ።

ይህን ለዓመታት ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ምርምርና ስለ ፖሊሲ የሚወራ ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። የመጀመሪያው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲያችን የወጣው በ1986 ነው። በ2004 ደግሞ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ የሚባለው መጣ። አነበብኩት። ልቡ ያለው መማር፣ ማላመድና መጠቀም ላይ ነው። ውጤታማ የሆነ የውጭ ቴክኖሎጂ ይፈለግ፣ ይመረጥ፣ ይግባ፣ ይለመድ ይላል። በግልጽ አማርኛ ስናስቀምጠው፣ በብልሃት እንቅዳ ነው። በዚህ አላፍርም። ፓተንት ድንበር አለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበን የጀርመን ፓተንት ደብረ ብርሃን ላይ ሠርቶ መሸጥ ስርቆት አይደለም። ሰነዱ ከነስዕሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። እንዲያውም የ1987ቱ አዋጅ የአስገቢ ፓተንት የሚል አለው፤ በውጭ አገር የተመዘገበ፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራ ይዞ ለሚመጣ ሰው እስከ 10 ዓመት የሚሰጥ። ብረታ ብረት ቤት ያላቸው ልጆች ይህን ቢያውቁ ምን ይሠሩ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ያው ፖሊሲ ከአገር ውስጥ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶው በየዓመቱ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመደብ ይላል። ዩኔስኮ የመዘገበው የአገሪቱ የምርምር ወጪ እ.ኤ.አ. በ2017 ግን 0.27 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱ አንድን ነገር በትክክል ላይለኩ ይችላሉ፤ ርቀቱ ግን በዓይን ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የወጣው ገንዘብ ራሱ ምን ይሆናል? ጥናት ይጻፋል፣ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ተመራማሪው ዕድገት ያገኛል። ከመታተሙ በፊት «ይህ ቅድሚያ ማመልከቻ ይግባለት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሃል ላይ የለም። በተማሪነቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ስለ ጥቅስ አጻጻፍ ግን ሁለት ሴሚስተር ተምሬያለሁ።

ለሕዝብ ዕውቀት የወጣ ሕግም አለን። በ1998 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት። «አርክቦት» የሚለውን ቃል ሳይ መጀመሪያ የትየባ ስህተት መስሎኝ ነበር። ሀብቱን ማግኘት፣ እጅ ማድረስ ማለት ነው። ሕጉ ቆንጆ ነው። ዕውቀቱ የማኅበረሰቡ ነው፤ ሊወስድ የመጣ ሰው አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ጥቅሙን ያካፍል ይላል። ግን ማስፈቀድ የሚፈልግ ሰው የማንን በር ነው የሚያንኳኳው? አንኮበርን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ለሰው ሕመም የሚውሉ 135 የመድኃኒት ተክሎችን መዝግቧል። ከነስማቸው፣ ከነአዘገጃጀታቸው፣ ማንም በነጻ በሚያነበው መጽሔት ላይ። ባህል ሐኪሙ ለልጁ እንኳ በሌሊት፣ በሹክሹክታ የሚያወርሰው ነገር ነው። ጥሩ ተደረገ ወይስ መጥፎ? እኔ ሁለት ልብ ነኝ። ስለተጻፈ ነገ አንድ ኩባንያ «ይህን እኔ ነኝ ያገኘሁት» ሊል አይችልም፤ የእናቴ የጤፍ ዘዴ እንዲህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ፓተንት ገና ከመነሻው ይቸገር ነበር ብዬ አስባለሁ። በሌላ በኩል የተጻፈውን ማንም አንብቦ መነሻ ያደርገዋል። ባህል ሐኪሙ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ «መረጃ ሰጪ» ነው። እኔ ደግሞ «አንድ የአካባቢው ባለሙያ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቃሉ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ስለ ሰማያዊው ማሽንም እውነቱን ልናገር። ጋሼ በዓመት የሚያወጡት ማሽን በጣት የሚቆጠር ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ ብዙ ነው። ቅጂው ከመጣ ወዲህ በየቀበሌው መውቂያ እየተከራየ ይሠራል። በሬ እያበራየ ቀናት የሚፈጀው ክምር አሁን በሰዓታት ያልቃል። እናቴ ራሷ ባለፈው ዓመት ያስወቃችው በሰማያዊው ነው፤ ለጋሼ እንዳልነግር አስምላኛለች። (ጋሼ ይህን ብሎግ አያነቡም። ካነበቡ ግን፣ እማዬ ይቅር በይኝ።) ጋሼ ሰርተፊኬት ቢኖራቸው ኖሮ ያ ሰውዬ ሥራውን ያቆማል ማለት አይደለም። ግን መጥቶ ያናግራቸዋል። በየማሽኑ ትንሽ ትንሽ ይከፍላቸዋል። ምናልባትም ቀዳዳዋ ስህተት መሆኗን ይነግሩትና ብረቱን ከመብሳት ያድኑት ነበር።

ባለፈው ጥር ድፍረቱ መጣ። ፕሮጀክቴን በፌስታል ይዤ አረርቲ ሄድኩ። ጋሼ አርጅተዋል። መነጽር አድርገዋል፤ አንዱ ጆሮ በሽቦ የታሰረ ነው። ብየዳውን ለአንድ ልጅ ለቀውለታል፤ እሳቸው ቁጭ ብለው ያዛሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መጽሐፏን ተቀበሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም። ግን ስዕሉ ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ ከበሮውን፣ ወንፊቱን፣ ላሜራዋን አለፉ።

«ይቺን እኮ ጥሩ አድርገህ ስለሃታል» አሉ።

ከዚያ ጣታቸው አንዲት ክብ ላይ አረፈ። ከክቧ ቀስት ወጥቷል፤ ከቀስቱ ጫፍ ጽሑፍ አለ።

«ይሄስ ምን ይላል?»

አንገቴን ደፋሁ። በተማሪነቴ ያቺ ቀዳዳ ለምን እንደተበሳች አልገባኝም ነበር። ጋሼን መጠየቅ አፈርኩ። መምህሩ ከጠየቀኝ መልስ ይኑረኝ ብዬ ፈለሰፍኩላት።

«ንዝረትን ለመቀነስና ሙቀትን ለማስተንፈስ የተበጀ ቀዳዳ ይላል፣ ጋሼ።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። መነጽራቸው ወደቀ። ሳሉ። «አንተ ልጅ! ና ስማ!» ብለው በያጁን ጠሩት። «ንዝረት ትቀንሳለች አለ! ሙቀት ታስተነፍሳለች አለ!» ልጁም ሳቀ። እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ ምስጋናውን ገጽ ገለጥኩና «አንድ የአካባቢው ባለሙያ» የሚለውን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ስለ 12 ወሩም ነገርኳቸው። የጀመረው ከኔ መሆኑንም።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፏን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ብዙ ዝም አሉ።

«ቀን አለባት?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ። ሰኔ 2007።»

«እሺ። ከሰማያዊው ትቀድማለች።» መልሰው አልሰጡኝም። ብብታቸው ሥር አደረጓት።

ከዚያ ተነስተው ወደ ወርክሾፑ ጥግ ሄዱ። በጆንያ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። ከሥር ሁለት እግር አንጎላሬ ይታያል፤ ሌላው አይታይም። እጃቸውን ጆንያው ላይ እንዳደረጉ ዞረው አዩኝ።

«ስልክህን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ» አሉ።

አስቀመጥኩ።

«ደብተር ይዘሃል?»

ይዣለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፍኩ፤ ከቀኑ በታች የጋሼን ሙሉ ስም ከነአያታቸው። የምጽፈውን ቃል እሳቸው ተናገሩ፤ እኔ ጻፍኩ፤ ሜትሩን በያጁ ያዘልን። እስኪጨልም ሠራን።

ከጆንያው ሥር ምን እንዳለ ለእናንተ አልነግራችሁም። ማመልከቻው ገና አልገባም።